ስለ አዳማ ምግብ ቤቶችና ስለ ተመጋቢው ጠባይ

ምግብ ቤት ሲባል፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ ደንበኛው ቀጠሮ ሳይዝ፣ ልብስ ሳይቀይርና ኪሱን ሁለት ጊዜ ሳይዳብስ የሚገባበት፣ ከወንበሮቹ ግማሽ ያህሉ ደጅ የወጡ፣ የምግቡ ዝርዝር በወረቀት ላይ ቢጻፍም አስተናጋጁ በቃሉ የሚያነበንብበት ቤት ማለት ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያነጠፈና ሹካውን በሶፍት የጠቀለለ ሆቴል ከዚህ ጥናት ውጭ ነው፤ ሦስት ጠረጴዛና አንድ የከሰል ምድጃ ይዛ በበሯ ላይ “ሆቴል” ብላ የጻፈች ቤት ግን፣ ጽሕፈቱ ሳይሆን ጠባይዋ ታይቶ፣ በጥናቱ ትካተታለች። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዳማ፣ የአውቶቡስ ተራ ጠሪዎች ዛሬም “ናዝሬት! ናዝሬት!” እያሉ የሚጠሯት ከተማ፣ በዚህ ዓይነት ቤት የተሞላች ናት። ምክንያቱ የነዋሪዋ ሆዳምነት ሳይሆን የሚያልፍባት ሰው ብዛት ነው። በአዳማና በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር በተቆረቆሩት እህቶቿ ምግብ ቤት ሊከፍት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ማጥናት ያለበት ሰዉ ምን መብላት እንደሚወድ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚቸኩል ነው።

የችኮላው ታሪክ የሚጀምረው ከባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዳማም ከተማ ሆና ያደገችው በጣቢያዋ ዙሪያ ነው። በጥንቱ ጉዞ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ስለነበር፣ የመብል ጉዳይ የጉዞው ግማሽ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ዳዋሽ የሚባል፣ ስሙን ከፈረንሳዮቹ የወረሰ ማረፊያና መመገቢያ ቤት ነበረ። ገንዘብ ያለው መንገደኛ እዚያ ገብቶ በሹካና በቢላ ሲመገብ፣ የሌለው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ዳቦ፣ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይገዛል። የመስኮት ገበያ የራሱ ሕግ ነበረው፤ ገዢው ዕቃውን ሳይጨብጥ ብሩን አይለቅም፣ ሻጯም ብሩን ሳትጨብጥ ዕቃውን አትለቅም፣ ባቡሩ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው እንቁላሉን ይዞ፣ መልሱን ጣቢያ ላይ ጥሎ ሄዷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማ ወጣ አድርጎ ስለሠራ ይህ ገበያ አልቀጠለም። መንገደኛው ጣቢያ ለመድረስ ባጃጅ መያዝ አለበት፤ ማልዶ ባጃጅ የያዘ ሰው እግረ መንገዱን ቁርስ ቢጤ ይቀምሳልና፣ ምግብ ቤቶቹ ከአዲሱ ባቡር የሚደርሳቸው ድርሻ ይኸው ነው።

ባቡሩ የጀመረውን አውቶቡስ ወረሰው። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚሄድ ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ሳይሆን ሹፌሩ ነው። አውቶቡሱ ከታወቀ ምግብ ቤት ግቢ ዘው ይላል፣ ረዳቱ “ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ!” ብሎ ያውጃል፣ የተሳፈረው ሰው በሙሉ ወደ አንዲት የውሃ ቧንቧ ይጋፋል፤ ሹፌሩና ረዳቱ ግን ሳይሰለፉ ወደ ጓዳ ጠጋ ወዳለች ክፍል ይዘልቃሉ፣ ጥብሱ ሳያዙት ይመጣላቸዋል፣ ሒሳብም የሚጠይቃቸው የለም። ይህን ጉቦ ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ ያን ሁሉ ሆድ በአንድ ጊዜ ነድቶ ላመጣ ሰው የሚከፈል ወረታ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ግን መንገደኛ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ሹፌር የሚበላበት ቤት ምግቡ ጥሩ ነው የሚለው የቆየ እምነት የሚያስኬደው ከኪሱ ከፍሎ ለሚበላ ሹፌር ብቻ ነው። ስለሆነም ቃሉ የሚታመነው ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እሱ የጫነው ብረት ወይም ማዳበሪያ ስለሆነ፣ ብረትም ምሳ ስለማይበላ፣ በነጻ የሚጋብዘው ባለቤት አይገኝም፤ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ይበላል፣ ካልጣመውም በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ቤት ደጃፍ ይቆማል። የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ርቆ ጭነት የሚራገፍበትና የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸምበት ግቢ፣ በሚገኝበት በሞጆ፣ ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች ጥግ ይዘው የተሰለፉበት ምግብ ቤት ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይህን ሥርዓት በከፊል አናግቶታል። መንገዱ ቢሾፍቱንና ሞጆን ወደ ጎን ትቶ ስለሚያልፍ፣ በአሮጌው መንገድ ዳር የነበሩት ቤቶች “እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ እንረፍ” የሚለውን ደንበኛ አጡ። አዳማ ግን ተጠቀመች፤ አዲስ አበቤው ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ፣ ሶደሬ ፍልውሃ ገብቶ፣ አዳማ ላይ ቁርጥ በልቶ፣ ማታ ራት ለመብላት አቅም አጥቶ ቤቱ ይገባል።

ይሁን እንጂ ከመንገደኛ ሁሉ ለአዳማ ምግብ ቤቶች ትልቁ ሲሳይ ተሰብሳቢው ነው። ከተማዋ ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ቢመለስም ስብሰባው እዚያው ቀረ። ከአባ ገዳ አዳራሽ አንሥቶ በየሆቴሉ ምድር ቤት እስካሉት ክፍሎች ድረስ ሥልጠና፣ ዐውደ ጥናት ወይም የዕቅድ ግምገማ የማይካሄድበት ሳምንት ቢኖር የበዓል ሳምንት ነው። ለዚህ ምርጫ ከአየሩና ከሆቴሎቹ ሌላ አንድ ምክንያት አለ፤ እሱም አበል ነው። አበል አንድ ሠራተኛ ከሥራ ቦታው ርቆ ሲያድር ለምግብና ለመኝታ የሚታሰብለት የቀን ገንዘብ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት እዚያው አዲስ አበባ ቢሰበሰብ አይከፈልም፤ አዳማ ግን ለአበል ትርቃለች፣ ለመመለስ ትቀርባለች።

የአበል ጥበብ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በምሳ ሰዓት ነው። ተሰብሳቢው የሆቴሉን የምግብ ዝርዝር ለአፍታ ያየዋል፣ ዋጋው ላይ ሲደርስ “ፀሐይ ቢጤ ልሙቅ” ብሎ ይነሣል፤ አዳማ ላይ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጣ ጤነኛ ሰው አለመኖሩን ግን አብረውት የተነሡት ሁሉ ስለሚያውቁ ጥያቄ የሚያነሣ የለም። ከዋናው መንገድ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ቆርቆሮ አጥር ተጠግታ ሽሮ የምትሸጥ ቤት ያገኛል። ባጁን ከአንገቱ አያወልቅም፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ለመግባት ስለሚያስፈልገው በሸሚዝ ኪሱ ይሸጉጠዋል፣ እግረ መንገዱንም ወጥ እንዳይነካው ይከላከልለታል። እንዲህ ተጠንቅቆ ሲቀመጥ፣ ከጥግ ካለችው ጠረጴዛ የመምሪያ ኃላፊው ቀና ይላሉ።

“እርስዎም እዚህ ነዎት?”

“ሽሮዋ ጥሩ ናት ሲሉኝ ልቅመሳት ብዬ ነው። አንተስ?”

“እኔም እንደዚያው ነው፣ ጌታዬ።”

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለ ሽሮዋ ጣዕም ብቻ ያወራሉ፤ አስተናጋጇ ግን ለኃላፊው ሳያዙ ጭማሪ እንጀራ ማምጣቷ፣ ይህ የመጀመሪያ ቀናቸው አለመሆኑን ያጋልጣል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነና ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ከግንቦት ጀምሮ የአገሩ ዕውቀት ሁሉ አዳማ ላይ ይታደሳል፤ የምግብ ቤት ባለቤቶችም ዓመቱን የሚቆጥሩት በሁለት ካላንደር ነው፣ አንዱ የጾም፣ ሌላው የገንዘብ ሚኒስቴር።

የጾሙ ካላንደር በይበልጥ የሚገዛው የምድጃውን ሥራ ነው። ሥጋ ቤቶች በበራቸው ላይ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ ስለው ደንበኛቸውን ከደጅ ይለያሉ፤ የቦረና ሰንጋ በአዳማ ዙሪያ በሚገኙ ማድለቢያዎች ሰንብቶ ከፊሉ ወደ ውጭ አገር ሲላክ፣ ለአገር ውስጥ የቀረው ከሁለቱ ምልክቶች በአንዱ ሥር ይሰቀላል። ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ መስቀሉ ያለበት ቤት ይቀዘቅዛል፣ በረመዳን ቀን ደግሞ ጨረቃው ያለበት። አንድ ኦርቶዶክስ፣ አንድ ሙስሊምና አንድ ፕሮቴስታንት የሥራ ባልደረቦች በአንድ ገበታ ላይ እጃቸውን ለመስደድ ሲፈልጉ፣ ያለ ብዙ ውይይት የሚደርሱበት ስምምነት ሽሮ ነው። ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ተፈጭቶ በበርበሬና በቅመም የሚመጠነው ይህ ዱቄት ለአገሪቱ አንድነት ያበረከተው አስተዋጽኦ እስካሁን በየትኛውም አዳራሽ፣ አዳማ ውስጥም እንኳ፣ የጥናት ወረቀት አልቀረበበትም።

ከሽሮ ዓይነቶች ምግብ ቤት የሚገባው ተጋቢኖ ነው፤ ወፈር ተደርጎ የተሠራ፣ ለአንድ ሰው በምትበቃ ትንሽ ድስት ወይም ሸክላ ከነፍላቱ የሚቀርብ ሽሮ ነው። አስተናጋጇ ድስቱን በመቆንጠጫ ይዛ እየተንተከተከ ታመጣዋለች፣ ዳር ዳሩ ላይ ዘይቱ ቀይ ሆኖ ተንሳፍፏል፣ መሐሉ እየተነፋ ይፈነዳል፣ በእያንዳንዷ ፍንዳታ አንዲት ነጠብጣብ ወደ ደንበኛው ሸሚዝ ታነጣጥራለች፤ አንድ ቃርያ ለሁለት ተሰንጥቆ ከጎን ይጋደማል። አዋቂ ሰው ድስቱን እንጀራው ላይ ዘርግፎ እስኪበርድ ወሬ ይጀምራል። የቸኮለ ግን፣ አዳማ ደግሞ የቸኮለ ሰው አታጣም፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ካስገባ በኋላ መዋጥም መትፋትም አቅቶት፣ ዐይኑ ዕንባ አቅርሮ ወደ ጣሪያው ያያል። አጠገቡ ያለው ሰው ይህን እያየ “እንብላ” ቢለው መልስ መስጠት አይችልም፤ በጭንቅላቱ ብቻ እጅ ይነሣል።

ሌላው የጋራ ምግብ በያይነቱ ሲሆን፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩና ሽሮው በአንድ እንጀራ ላይ በየፊናው የሚቀመጥበት የጾም ማዕድ ነው። በአዳማ የሚቀርበው በያይነቱ የአካባቢው ካርታ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ጤፉ ከምንጃር ወይም ከአድአ ይመጣል፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመስኖ ከሚለማው ከመቂና ከባቱ ማሳ ነው፣ ቲማቲሙ በተወደደ ሰሞን የመርቲ ድልህ በቆርቆሮ ይተካዋል። ፓስታ የሚያዝ ሰው እንኳ የጣሊያንን ቅርስ በአርሲ ስንዴ ይበላ ይሆናል፤ ያውም በእንጀራ እየጠቀለለ፣ ይህም ጣሊያኖቹ አምስት ዓመት ቆይተው ያልደረሱበት ዘዴ ነው።

የምግብ ዝርዝሩ ወረቀት ለብቻው ቢጠና አይከፋም። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር አዲስ ማሳተም ስለማያዋጣ፣ በአሮጌው ቁጥር ላይ ነጭ ወረቀት ይለጠፋል፣ በዚያ ላይ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ፤ ጥፍሩን ያላሳጠረ ደንበኛ ከላይ ወደ ታች እየላጠ የብርን የመግዛት አቅም እስከሚፈልገው ዘመን ድረስ መከተል ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ግን አለ ማለት አይደለም። ደንበኛው ቋንጣ ፍርፍር ሲል “አልቋል” ይባላል፣ ዱለት ሲል “እሱ ጠዋት ነው”፣ አሳ ሲል “ዛሬ አልገባም”፤ በመጨረሻ “ታዲያ ምን አለ?” ብሎ ሲጠይቅ አስተናጋጁ ከመጀመሪያው ማለት የፈለገውን ትንፋሽ ሳይወስድ ይዘረግፈዋል። ትእዛዙን በአፋን ኦሮሞ ተቀብሎ ወደ ማድ ቤት በአማርኛ ይጮኻል፣ “ኦቦ” ያሉትን ሽማግሌ አስቀምጦ “አዴ” ወዳሏት እናት ይዞራል፣ አንዲት ቃል በጽሑፍ ሳይዝ የስምንት ጠረጴዛ ትእዛዝ ያደርሳል፤ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ላይ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን።

ደጅ መቀመጥ በአዳማ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ስለሚበረታ ወንበሩ ከጥላ ጋር እየተሳበ ቀስ በቀስ ወደ አስፋልቱ ይሄዳል፣ በዘጠኝ ሰዓት ምሳ የሚበላ ሰው የባጃጅ ተሳፋሪ ሰላም ሊለው የሚችልበት ርቀት ላይ ይደርሳል። ደጅ ግን ነፋስ አለ። መንግሥት በከተማዋ ዙሪያ በሁለት ዙር 34 እና 102 የነፋስ ተርባይኖች፣ በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ፣ ሲያስተክል የነፋሱን ጉልበት በመሣሪያ አስለክቶ ነበር፤ ከአስተናጋጆቹ አንዱን ቢጠይቅም ይበቃው ነበር። አንዱ ሶፍት ለቁጠባ በመቀስ ለአራት ስለሚከፈል ከላባ ይቀላል፤ በውሃ ብርጭቆ ካልተጫነ ሰፈር ይቀይራል። ስቴኪኒው፣ ማለትም የጥርስ መጎርጎሪያው እንጨት፣ በጨው ዕቃ ውስጥ የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ቁርስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ባጃጅ ነጂዎች ባለ ሦስት እግራቸውን ደጃፍ ላይ ጥለው፣ ፉል ወይም ጨጨብሳ፣ ይኸውም ቂጣ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ የሚታሽበት የኦሮሞ ምግብ፣ ቆመው ሊባል በሚችል ፍጥነት ይበላሉ፤ አንድ ዐይናቸው ሳህኑ ላይ፣ ሌላው ተራቸው ላይ ነው።

ችኮላ የማይሠራበት ስፍራ ባቱ ነው። ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ሐይቁን ተደግፋ ስለተቀመጠች፣ አሳውም ከጀልባ ወርዶ ወዲያው ስለሚሰነጠቅ፣ ደንበኛው እስኪጠበስ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። ቆሮሶ የሚባለው አሳ ቆዳው ላይ በቢላ ተተልትሎ ሙሉውን ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ትልትሉ ፈክቶ ጠርዙ ይቀላል፣ ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ አምባዛው ደግሞ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለጉላሽ፣ ማለትም በመረቅ ለሚሠራው ቁርጥራጭ፣ ይመቻል። አሳ በእጅ መብላት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስልኩን ሳያስቀምጥ የሚበላ ሰው በአጥንት ይቀጣል። በሐይቁ ዳር ከደንበኛ ሁሉ ቀድሞ የሚገኘው አባ ኮዳ ነው፤ ቁመቱ ከሕፃን ልጅ የሚበልጥ፣ ራሱ መላጣ የሆነ፣ ከአንገቱ ሥር ኮረጆ የሚንጠለጠልበት ይህ ወፍ፣ አሳ አራጆቹ የሚጥሉትን አንጀትና ጭንቅላት እየጠበቀ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደቆመ ጡረተኛ ዳኛ ሁሉንም ይታዘባል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አሳ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይንራል፤ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም በዚያው ሰሞን ይጦፋል። ልብ ብሎ ያስተዋለ ሰው ግን አይበላም ከሚሉት አንዳንዶቹ ክርክሩን የሚያካሂዱት የአሳ ሾርባ ጠጥተው ሲያበቁ መሆኑን ሊታዘብ ይችላል፤ ሾርባ ፈሳሽ ነው ብለው ይሆናል።

የቀረው የሒሳብ ነገር ነው። አብረው የበሉ ሰዎች ማን ይክፈል በሚለው ላይ የሚያደርጉት ትግል በመላ አገሪቱ የታወቀ ሲሆን፣ በአዳማ ግን ደጅ ስለሚካሄድ ተመልካች አለው። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፣ “በሞቴ” ይባላል፣ “ትናንትም አንተ ነህ የከፈልከው” ይባላል፣ የአንዱ ሸሚዝ አዝራር ይበጠሳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የየባንኩ ሒሳብ ቁጥር ከተለጠፈ ወዲህ ትግሉ ስልቱን ለውጧል። ዛሬ እጁን ሊታጠብ የተነሣው ሰው ከቧንቧው አጠገብ ሆኖ በስልኩ ይጨርስና ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይቀመጣል፤ የቀሩት ሲነሡ “ተከፍሏል” ይባላሉ፣ ያልከፈለው ሁሉ ይቆጣል፣ ከተቆጡት መካከልም ቀደም ብሎ መታጠቢያው አካባቢ ሰው መኖሩን አይቶ ሆነ ብሎ የዘገየ አይጠፋም። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ግን ወደ ድሮው ትግል ይመለሳል፤ ገንዘብ ተቀባይዋም ከሁለት ወገን ብር ሲዘረጋላት፣ ልምድ ያላት እንደሆነች፣ መልስ የማያስፈልገውን ተቀብላ መሳቢያዋን ትዘጋለች።